የኢስታንቡሉ ሦስት ቀን

ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። ትልቋ በአነጋገራቸው የድሬዳዋ ነጋዴ ይመስላሉ፤ ወጣቷ ጎረቤታቸው ናት።

«ቲኬቱ ተስተካከለልዎት እትዬ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ጨረስኩ። ሰኞ ኢስታንቡል እገባለሁ። ቡድኑ ከነአስጎብኚው ሐሙስ እዚያው ሆቴል ያገኘኛል።»

«ሰው ግን ቀን የሚጨምረው ከጉብኝቱ በኋላ ነው፤ አገሩን ከለመደ ወዲያ።»

«በኋላማ ሻንጣዬ በሰው ዕቃ ይሞላል። ዱባይ ሃያ ዓመት ተመላለስኩ ልጄ፤ ከገበያው በቀር አላውቃትም። የዘመድ አደራ ስገዛ ባሕሩን እንኳ ሳላየው እመለሳለሁ።»

«ታዲያ አሁንስ ዝርዝር አይሰጡዎትም?»

«የምሄደው ሐሙስ ከቡድኑ ጋር መስሏቸዋል። ረቡዕ ሊሰናበቱኝ ይመጣሉ፤ አንዷ መጋረጃ፣ አንዷ የሙሽራ ጫማ ጽፋ።»

«እርስዎስ ረቡዕ?»

«እኔማ መርከብ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ባሕሩን እያየሁ ሻይ እጠጣለሁ።»

«በሩን ማን ሊከፍትላቸው ነው?»

«ባለቤቴ። ‹መንገድ ላይ ናት በላቸው› ብዬዋለሁ። ውሸት አይደለም።»

«እሳቸው እሺ አሉ?»

«እሱማ የራሱን ዝርዝር ቀድሞ ሰጥቶኛል።»

ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

«ወላሂ፣ ትከሻዬ ዛሬ ነው የቀለለኝ» አሉ ትልቋ።

ነገ ዱባይ ለምትሄደው አክስቴ ላደርስ በእጄ የያዝኩትን የዕቃ ዝርዝር አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።