ገደብ የለሹ ኢንተርኔት

አረብ አገር፣ ቱቅባ በሚባል ሰፈር በአንድ ክፍል ከምንኖረው ልጆች ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ሰይድ ብቻ ነው። ስለዚህ ገደብ የለሹን ኢንተርኔት በእሱ ስም አውጥተን ሁላችንም ከእሱ ስልክ እንጠቀማለን። አንድ ጁምዓ እህቴ ከደሴ በቪዲዮ ደወለች፤ የታመመችው እናቴ ልታየኝ ፈልጋ ነው። እንደ ልማዳችን መስመሩ እንዳይጨናነቅ ልጆቹ ሁሉ ኢንተርኔታቸውን ዘጉልኝ። ምን ዋጋ አለው! የእናቴ ፊት እንደ ፎቶ ደርቆ ቀረ። ሰይድ ተናዶ የኢንተርኔት ድርጅቱ ጋ ደወለ። "አልተቋረጠም እኮ፤ ብዙ ስለተጠቀምክ ፍጥነቱ ተቀንሶ ነው" አሉት። ገደብ የለውም ብለው ሸጠውልን!

እናቴ በማግስቱ አረፈች። እህቴን፣ "ስንደዋወል ምን አለች?" ብዬ ጠየቅኳት። ለካ እዚያም የእኔ ፊት ደርቆ ኖሯል።

"'ልጄ ዝም ብሎ ያየኛል፤ ምን አስቀይሜው ነው?' አለች።"