የኦስታ ቁጥር

የእንስሳት ሐኪሙን ቶርላይቭንና የእህቱን ልጅ ሲግሪን ያገኘኋቸው ሳላስበው ነው፤ በተራሮች መሃል የገባውን የባሕር ወሽመጥ፣ ፊዮርዱን፣ በምታሻግረው ጀልባ ላይ። ሰኔ ገብቷል። ቶርላይቭ ቡናማ አይብ የተጠቀለለበትን፣ ጀልባዋ ላይ የሚሸጠውን ቂጣ በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዟል። ሰላምታዬን በወጉ እንኳ ሳይመልስ፣ "ቆየኝማ መምህር፣ የቢሮውን የስልክ መስመር ላዘጋ ነው" አለኝ።

"እንዳትደውል!" ብላ ሲግሪ እጁን ያዘችው። የስልክና የኢንተርኔት ሥራ ተምራ በቅርቡ ከከተማ የተመለሰች ልጅ ናት። "መምህር፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩት እባክዎ። በነሐሴ ቢሮውን ከወደቡ ወደ አሮጌው ወተት ፋብሪካ ያዛውራል፤ እሱ ግን መስመሩን ዛሬ ካልዘጋሁ ይላል።"

"ምን ነውር አለው?" አለ ቶርላይቭ። "ሰው ከቤት ሲወጣ የነበረበትን ይዘጋል፣ ቁልፍ ያስረክባል፣ ከዚያ አዲሱን ይከፍታል። አባቴም እንዲህ ነበር። ግማሽ እዚህ፣ ግማሽ እዚያ መሆን አልወድም።"

"ለጠረጴዛና ለወንበር ደግ ነው፣ አጎቴ። ስልክ ግን እንደዚያ አይደለም። ውሉን ካቋረጥክ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል። ነገ ለሌላ ሰው ይሰጡታል።"

ቶርላይቭ ስልኩን ከዓይኑ ሥር አወረደ። ለምን እንደሆነ ገባኝ። የቢሮውን ስልክ ዕድሜዋን ሙሉ ስታነሣ የኖረችው ባለቤቱ ኦስታ ነበረች። በሸለቆው ውስጥ በየበረቱ በር ላይ ቁጥሩን በነጭ ቀለም የጻፈችውም እሷ ናት። እሷ አርፋለች፤ ጽሑፏ ግን ዛሬም አለ።

"ቁጥሩ መቅረቱ ካልቀረ ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ውሃውን እያየ። "ቶሎ ይሂድና ይውጣልኝ ብዬ ነው እንጂ ጠልቼው አይደለም።"

ሲግሪ ድምፅዋ ለሰለሰ። "ማን ይቀራል አለህ? አብሮህ ይዛወራል እኮ! ብቻ አሮጌው ውል ሳይዘጋ፣ አዲሱን መስመር የሚያስገባልህ ድርጅት ራሱ ቁጥሩን ይጠይቅልህ። መዝጋቱ የመጨረሻው ሥራ ነው።"

"እውነትሽን ነው? እንግዲያው በሐምሌ መጨረሻ እደውልላቸዋለሁ።"

"በሐምሌ! አንተ በሐምሌ የት ነህ?"

"ተራራ ላይ፣ ጎጆዬ ነዋ።"

"ስልክህስ?"

"ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። በሐምሌ የሰው ዕረፍት የሚረብሽ ባለጌ ነው።"

"ታዲያ መስመር የሚዘረጋው ሰውዬ ጎጆ የለውም?"

ሳቄ አመለጠኝ። በዚህ አገር የዕረፍት ወር የሆነውን ሐምሌን እንደ ቶርላይቭ የሚያከብር አላውቅም፤ ሌላውም ሰው ሐምሌ እንዳለው ግን ትዝ ብሎት አያውቅም። ለማሰብ ጊዜ እንዲያገኝ ከቂጣው ጎረሰ።

"መስመሩ ቢጠፋስ፣ የእጅ ስልክ አለኝ።"

"የፋብሪካው ግድግዳ ድንጋይ ነው። ባለፈው እዚያ ስንገባ ሠራልህ?"

"መስኮቱ ላይ ስወጣ ሠርቷል።"

"ላም ስታምጥ አንተ መስኮት ላይ ልትንጠለጠል ነው?"

"እሺ አንቺ አዋቂ፣ ምን ላድርግ?"

"በዚህ ሳምንት ስልኩ የሚሠራበት የኢንተርኔት ገመድ ፋብሪካው ድረስ መምጣቱን እንጠይቅ። ካልመጣ ቁፋሮ ይፈልጋል፤ ቁፋሮው ደግሞ ከዕረፍቱ በፊት ማለቅ አለበት። አዲሱ መስመር እየሠራ መሆኑን በዓይናችን እስክናይ የወደቡ አይዘጋ።"

"ሁለት ቢሮ፣ ሁለት መስመር! ብክነት አይደለም?"

"ቦርጊል ደውላ ብታጣህ እሱ ነው ብክነት።"

ቦርጊል ከሸለቆው ጫፍ ከፍየሎቿ ጋር ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ ያን ቁጥር የምታውቀው በጣቷ ነው። ቶርላይቭ ስልኩን ኪሱ ከተተና የቂጣውን ግማሽ ለሲግሪ ቆረሰላት። በእነሱ ቤት ይህ ተሸነፍኩ ማለት ነው።

ነሐሴ ሲገባ ቶርላይቭንና ሲግሪን ዕቃ ላግዝ ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ወንበሩ አልመጣም፣ መድኃኒቱ ገና በካርቶን ነው፤ ስልኩ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ይሠራል። ሰው ቢሮ ሲያዛውር መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቁም ሳጥኑ ነው፤ ቁም ሳጥን ቢዘገይ ግን ማንም አይሞትም። አስቀድሞ መስመሩን ያሰበ ሰው ደንበኛውን አያጣም፣ እሱም በጎጆው ያለ ሐሳብ ይተኛል። ይህን እያሰብኩ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቶርላይቭ ተንበርክኮ አነሣው። የቦርጊል ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል።

"ፍየሌ ሆዷ ተነፍቷል! ደግሞ ምን ሆነህ ነው ድምፅህ እንደ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተጋባው?"

"ተዛውረናል እኮ፣ ቦርጊል።"

"ተዛወራችሁ? እኔ የደወልኩት ኦስታ በበረቴ በር ላይ በጻፈችው ቁጥር ነው!"

"አዎ፣ በእሱ ነው።"

"እንግዲያማ የትም አልሄዳችሁም። ቶሎ ና!"

ቶርላይቭ ስልኩን ዘግቶ ተነሣ። ከዚያ የሲግሪን ግንባር ሳመና ቦርሳውን ይዞ ወጣ።