የሙሰብ አክስል

በወረርሽኙ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ እኛ ሐበሾች ከምንነግድበት ከጀፕ ገበያ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ሳልፍ ከሐጂ አብዱልሀፊዝ ጋር ድንገት ተገናኘን። ልጃቸው ሙሰብ ሰኔ ላይ ክሊፕታውን ወደሚባለው ሰፈር ዕቃ ሲያደርስ የተሳቢው አክስል፣ ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ፣ ተሰብሮ፣ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። በሎክዳውኑ ምክንያት ለቅሶ አልደረስኩም ነበር። በማስክ ታፍኜ፣ እጃቸውን እንኳ ሳልጨብጥ፣ «አላህ ያጽናዎት» አልኳቸው። በራሴ አፈርኩ።

ጡረታ የወጣሁ የቴክኒክ መምህር መሆኔን ስለሚያውቁ ዳኛ ያገኙ መሰላቸው። «መምህር ለገሠ፣ እስቲ ይፍረዱን። ይቺ የወንድሜ ልጅ ሥራ ልታስፈታን ነው» አሉ።

ሀይፋ ሜካኒካል ምህንድስና ተምራ፣ የምትሠራበት ፋብሪካ በሎክዳውኑ ተዘግቶ ቤት የዋለች ልጅ ናት። ከቤተሰቡ ሁለተኛ ተሳቢ ሥር ተንበርክካለች። ከሙሰብ ተሳቢ ጋር አብሮ የተገዛ ነው፤ በማግስቱ ታናሽ ወንድሙ ፈሪድ ሊጎትተው ተዘጋጅቷል። ሀይፋ የአክስሉን ግራሶ አጽድታ፣ ቀይ ቀለም ቀብታ ጠርጋ፣ ነጭ ዱቄት ነፍታበታለች። ቀዩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ በነጩ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር ወጥቷል።

«ጭረት እኮ ናት!» አሉ ሐጂ። «ይህ ብረት ስምንት ዓመት ተሸክሟል። ከሰኔ ወዲህ ደግሞ ቆሞ አርፏል። ትንሽ ብየዳ ይበቃዋል።»

«ሶሪ፣ አጎቴ፣ ብረት አያርፍም» አለች። «የሰው አጥንት ሲያርፍ ይገጥማል፤ የብረት ክራክ ግን ካቆመበት ይቀጥላል። ጉድጓድ ላይ በነጠረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ይፈጥናል። ብየዳ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።»

«ብረት መቼ እንደሚሰበር የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው!»

«ቀኑን እኔም አላውቅም። ግን አክስሉ ላይ ዓይን ሊስተው የሚችለው ትልቁ ስንጥቅ ከወዲሁ አለበት ብዬ እነሳለሁ። ጫናውንና መንገዱ የሚያነጥረውን አስልቼ፣ በስንት ጉዞ እንደሚሰብረው እገምታለሁ። የዚያ ግማሽ ሳይሞላ አክስሉ ይፈተሻል። እንደዚህ ያለ መስመር ከታየበት ግን ተፈትቶ ይወጣል።»

ግትር ሰው አልወድም። «ልጅቷ ልክ ናት፣ ሐጂ፤ ምን ያከራክራል?» ብዬ ተቆጣሁ። ለካ ነገሩ ግትርነት አልነበረም።

ሐጂ ወደ መኪናቸው ሄዱና በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ። የሙሰብ አክስል ስባሪ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ ከመቀመጫቸው ሥር ይዘውት ይዞራሉ። «ይህንንም አንብቢልኝ» አሉ።

ሀይፋ የተሰበረውን ፊት ወደ ብርሃን አዞረችው። «ይህ ለስላሳው፣ ቀለበት ቀለበት የሠራው፣ ቀስ በቀስ የተሰነጠቀው ነው። ሻካራው በዚያን ቀን የተሰበረው ነው።» ሻካራው ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ ለስላሳ ነው።

«ስንት ጊዜ ፈጀ?»

«አጎቴ፣ ይቅርብን…»

«ንገሪኝ!»

«ወራት።»

«ጥር ላይ ብናየው ኖሮ?»

ወደ እኔ አየች። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «ይታይ ነበር» አለች።

ሐጂ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ። «ጥር ላይ ሙሰብ ‹አባ፣ እዚህ ጋ ጭረት አለ› ብሎኝ ነበር። ቀለም ቀባበት አልኩት። እስከ ዛሬ የአላህ ውሳኔ ነው እያልኩ ነበር የምተኛው። ዛሬ እንቅልፌን ወሰድሽብኝ፣ ልጄ።»

ሀይፋ ስባሪውን መልሳ በጆንያው ጠቀለለችው።

ሐጂ ተነሡና የጎማ መፍቻውን አነሡ። «ለፈሪድ ደውይለት፤ ነገ አይሄድም። አዲስ አክስል ሳይገባ ይህ ተሳቢ አይነቃነቅም። ሲገባም በስንት ጉዞ እንደሚፈተሽ አስልተሽ እዚህ ጻፊልኝ» አሉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ጥቅሙን መዘርዘር ለእኔ ቀላል ነው። ዛሬ የብዙ ጎረቤቶቻችን ተሳቢ ላይ ሀይፋ የጻፈችው ቁጥር አለ፤ ሁለት የተሰነጠቁ አክስሎች ሰው ሳይገድሉ ወጥተዋል፤ ፈሪድም ወደ ክሊፕታውን ሄዶ በሰላም ይመለሳል። ቁጥሩ ሲሞላ ግን ከተሳቢው ሥር የሚገቡት ሐጂ ራሳቸው ናቸው። ቀዩን ይቀባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ነጩን ይነፋሉ፣ ይጠብቃሉ። መስመር ሳይወጣ ሲቀር እኛ «አልሐምዱሊላህ» እንላለን፤ እሳቸው እዚያው ተኝተው ያለቅሳሉ።