በማሚቴ አፍ

አቶ መሸሻ በአንድ እጃቸው የጠበል ጀሪካን፣ በሌላው የልጃቸውን የማሚቴን ክንድ ይዘው ከእንጦጦ ሲመለሱ፣ አዲሱ ገበያ ላይ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ልያዝልዎ ጋሼ» አላቸው። ቀና ብለው ቢያዩት የጎረቤታቸው የወይዘሮ ወለተማርያም ልጅ ዓምሃ ነው። ለትምህርት ሁንጋሪ ሄዶ በዚያ ሰሞን መመለሱን ሰምተው ነበር።

«እግዜር ይስጥህ። ደህና ገባህ?»

«ይመስገን ጋሼ። ማሚቴ፣ እንዴት አድገሻል!»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች እንጂ አልመለሰችም።

«አትናገርም» አሉ አቶ መሸሻ። «ከፋሲካ ወዲህ ድምጿ ጠፋ። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው አለ። ጠበሉንም ይኸው ይዘናል። ነገ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ እወስዳታለሁ።»

«ትምህርቷስ?»

«መናገር ያቃታት ልጅ ምን ትማራለች?»

ማሚቴ ፈጠን ብላ ቀደመቻቸው። ዓምሃ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠበሉን አያቋርጡ። ግን እኔ የተማርኩት ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ሲታመም፣ ቤተሰቡን በሙሉ አስቀምጦ ማነጋገር። የታመመው አንድ ሰው ቢመስልም፣ ችግሩ አንዳንዴ የሚገኘው በሰዎቹ መካከል ነው።»

«እኛ ነን ያሳመምናት በለኛ!»

«ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ገበናዬን አደባባይ ላውጣ? ያውም በፈረንጅ ዘዴ? ፈረንጅ አባቱን መጦሪያ ቤት ጥሎ ውሻ አቅፎ የሚተኛ ሰው ነው። ስለ ቤተሰብ ምን ሊያስተምረኝ!»

ዓምሃ ሳቀ። «እነሱም እርስ በርስ ይከራከራሉ። ሁንጋሪውን የረዳ ዘዴ ጣሊያኑን ይረዳል ወይ ይላሉ። ስለዚህ በየአገሩ ያሉት ባለሙያዎች እየተገናኙ ያጠኑታል። የዳነውን ብቻ ሳይሆን ያልዳነውንም ይጽፋሉ። ቆይተው ተመልሰው ቤተሰቡን ይጠይቃሉ። ስህተታቸውን የሚያውቁት በዚያ ነው።»

«ለጉለሌ ሰውስ ይሠራል?»

«አላውቅም።»

አቶ መሸሻ ቆም አሉ። ከውጭ አገር የመጣ ሰው «አላውቅም» ሲል ሰምተው አያውቁም።

«ስለማላውቅ ነው እዚህም ይጠና የምለው» ቀጠለ ዓምሃ። «እነሱ የኛን ቤት አያውቁትም። እኛው ካላጠናነው ማን ያጠናልናል? ለመሆኑ እርስዎ ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ አንዱን ብቻ ሰምተው ፈርደው ያውቃሉ?»

«ምን በወጣኝ! ሁለቱን ፊት ለፊት ሳላስቀምጥማ አልጀምርም» አሉ። የሰፈሩ ሽማግሌ መሆናቸውን የሚያውቅ ልጅ የገዛ ሙያቸውን አንስቶ እንደ ሞገታቸው ገባቸው።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ሙሉእመቤት በር ላይ ቆመዋል።

«ማሚቴ፣ ምሳ ቀርቧል በይው» አሉ፣ ባላቸው ከፊታቸው ቆመው እያለ።

«እንግዳ አለ በያት» አሉ አቶ መሸሻ።

ማሚቴ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሟን ስብሐትን የቀበሌ ሰዎች ለብሔራዊ ውትድርና ሊወስዱት ሲመጡ፣ በሩን የከፈቱት አቶ መሸሻ ነበሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባልና ሚስቱ የሚነጋገሩት በማሚቴ አፍ ነው።

ዓምሃ ሁሉም እንዲቀመጡ ለመነ። ከዚያ ረጋ ብሎ ጠየቀ። «እትዬ፣ ማሚቴ ድምጿ ሳይጠፋ በፊት፣ የመጨረሻ የላኳት መልእክት ምን ነበር?»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ቀሚሳቸውን ጨበጥ አደረጉ። «የፋሲካ ዕለት ነው። ልጄን አሳልፎ ከሰጠ ሰው ጋር አልፈስክም በይው፣ አልኳት።»

«አልነገረችኝም» አሉ አቶ መሸሻ።

ማሚቴ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ቃል ለአባቷ ማድረስ አልቻለችም፤ ለእናቷ እምቢ ማለትም አልቻለችም።

አቶ መሸሻ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሙሉ፣ ባልከፍት በሩን ይሰብሩት ነበር። ስብሐት የኔም ልጅ ነው። እሱ ከሄደ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም።»

«ማሚቴ፣ ንገሪው...» ብለው ጀመሩ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ በልማድ። ከዚያ ራሳቸው ደነገጡ። ቀስ ብለው ባላቸውን ተመለከቱ። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

የደብረ ብርሃኑ መንገድ ቀረ። ድምጿ ግን ያን ዕለት አልተመለሰም፤ ዓምሃም ይመለሳል ብሎ ቃል አልገባም። እሱ እየተመላለሰ፣ አራቱም አብረው መቀመጡን አላቋረጡም። አንድ ማለዳ አቶ መሸሻ ረስተው «ማሚቴ፣ ጫማዬን የት አደረግሽው በያት» ቢሉ፣ ከጓዳ አንድ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ ራስህ ጠይቃት!»

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ አቶ መሸሻ፣ ዓምሃ ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ሊጀምረው ባሰበው ጥናት የሰፈሩ ቤተሰቦች እንዲገቡ ተነሥተው ተናገሩ። አቶ ገለታ ከኋላ ሆነው «መሸሼ፣ የቤትህን ጉድ ለፈረንጅ ልትልክ ነው?» ቢሉ ሰዉ ሳቀ።

«ስማችን አይጻፍም፤ ጉዱ ግን ይጻፍ» አሉ አቶ መሸሻ፣ ሳይቆጡ። «እነሱ የነሱን ጽፈው ነው ዓምሃ ለኔ ቤት የደረሰው። እኛም የኛን ብንጽፍ፣ የሚሠራው ከማይሠራው ይለያል፤ የታመመ ልጅ ከትምህርቱ ተነቅሎ ዘመድ ቤት አይጣልም፤ አባትና እናትም መፋረዱን ትተው መነጋገር ይጀምራሉ። የኔ ልጅ ዳነች። ያንተ የልጅ ልጅ ቢታመም ይድን እንደሆነ ግን በኔ ቤት ብቻ አይታወቅም፤ ብዙ ቤት መታየት አለበት። እኔ እጀምራለሁ።»

«ሙሉእመቤትስ እሺ ብላለች?»

«አዎ» አሉ አቶ መሸሻ። «ራሴ ጠይቄያታለሁ።»