የመረቅኋት ከተማ

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ደብተር የምታርመውን ሴት ጠየቋት።

«የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነሽ መሰል፣ ልጄ?»

«አዎ አባቴ።»

«እስቲ ኤክስፓንድ ማለት ምንድን ነው?»

«መስፋት ነው። ብረት ሲሞቅ ኤክስፓንድ ያደርጋል፤ ንግድም፣ ከተማም ሲያድግ እንደዚያው ይባላል።»

«ደግ ቃል ነው እንግዲህ።»

«ምነው፣ የት ሰሙት?»

«ስብሰባ ጠርተው ‹ከተማችን ኤክስፓንድ ታደርጋለች› አሉን። እኛም አጨበጨብን። እኔማ በዕድሜ ትልቁ ነዎት ተብዬ፣ ተነሥቼ መርቄያለሁ።»

«ምን ብለው መረቁ?»

«‹ትስፋ፣ ትፋፋ፣ ወሰን አይኑራት!› ብዬ ነዋ። ሁሉም አሜን አለ። ምርቃቴማ ወዲያው ደረሰ፤ በሳምንቱ የጤፍ ማሳዬ መሀል ችካል ተክለው፣ ድንበር ድንጋዬን ቀይ ቀለም ቀቡት።»

«ታዲያ አቤት አላሉም?»

«ብዬ ነበር። ቃለ ጉባኤውን አውጥተው ‹የመረቁት እርስዎ አይደሉም እንዴ?› አሉኝ።»

«ምትክ መሬትስ?»

«‹እየተጠና ነው› ብለውኛል። ይኼኛው በአማርኛ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ።»

አስተማሪዋ የምታርመውን ደብተር ዘጋች።

«ብረቱስ ልጄ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ይመለሳል?»

«ይመለሳል።»

«ከከተማ ብረት ይሻላል በይኛ!»

ሜትሬንና ቀይ ቀለሜን የያዘውን ቦርሳ በእግሬ ገፋ አድርጌ ወንበሩ ሥር አስገባሁት።