ሞምባሳ ላይ የአማቷን ስም የጠራችው ሰላም

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ምራት የባሏን አባት ስም በአፏ አታዞርም ነበር። እኛ ከምባታዎች እንዲህ ነን። እናንተ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ያደጋችሁት ግን አማታችሁን እንደ ታክሲ ሾፌር በስሙ ትጠሩታላችሁ፤ አትሳቁ፣ ሰምቻለሁ!

ታዲያ ጎረቤቴን ሰላምን ታውቋታላችሁ፣ ቴምቢሳ ሰፈር ስፓዛ፣ ያቺ ትንሽ ሱቅ፣ ያለው የደሳለኝ ሚስት። እዚሁ ተገናኝተው እዚሁ ተጋቡ፤ እሷ ያዲስ አበባ ልጅ ናት። እና የደሳለኝ አባት ከዱራሜ በስልክ፣ «ወጋችንን የማታውቅ የከተማ ልጅ! አልመርቅም!» አሉ። ያለ ምርቃት ትዳር ምን ይሆናል? ስታለቅስ በግድግዳው እሰማታለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው እንጂ እኔ ጆሮዬን አልለጠፍኩም።

ታዲያ ሽማግሌው ለዚህ አገር ቪዛ ስላላገኙ ኬንያ፣ ሞምባሳ እንገናኝ ተባለ፤ እሳቸው በሞያሌ በአውቶቡስ፣ እኛ በአውሮፕላን። እኔ ምን ልሁን? አማላጅ! ሟቹ ባሌ አጎቴ ነበር የሚላቸው። እኔም የጎሳው ሚስት ነኝ፣ ስማቸውን አልጠራም። ሰላምንም ወጉን አስጠናኋትና ከደረስን ጀምሮ ፊታቸው እህል አልቀመሰች፣ ስማቸውን አላነሳች።

እና ባሕሩን አሳየናቸው። ቀመሱት፤ «ይሄን ሁሉ ጨው ማን ጨመረበት?» አሉ። ፎርት ጂሰስ፣ የኢየሱስ ምሽግ የሚባለው ደግሞ ስሙን ሲሰሙ ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ፤ ታዲያ ያለው መድፍ! «ጌታ መድፍ ምን ያደርግለታል?» አሉ። ሰላምን ግን ዞር ብለው አላዩም። አጠገባቸው ቆማ፣ ለደሳለኝ «ልጅቷ ውሃ ታምጣ» ይላሉ!

ማታ አውቶቡሳቸው ይነሳል፣ ምርቃት የለም። እና በመጨረሻ አሮጌው ከተማ ገባን፤ መንገዱ ሁለት ሰው አያሳልፍም፣ የቤቱ በር ሁሉ እንጨቱ አበባ የተቀረጸበት። በሩን ስናይ፣ ዞር ስንል፣ ሽማግሌው የሉም! ስልክ አልያዙ፣ ያገሩን ቋንቋ አያውቁ፣ ስኳርም አለባቸው። ደሳለኝ ወደ ዓሣ ገበያው ሮጠ።

እኛ ሁለታችን ማዕዘኑ ላይ ቀረን። እዚያ በድምፅ ማጉያ የሚጮኽ የአይጥ መድኃኒት ሻጭ አለ። ሰላም በእንግሊዝኛ ነገረችው። «ስማቸውን ስጡኝ፣ ሞምባሳ በሙሉ ይሰማል!» አላት።

እሷ እኔን አየች፣ እኔ እሷን አየሁ።

«እትዬ አመለ፣ እርስዎ ይንገሩት።»

«እኔ? አፌ ይጣመም?»

«እኔስ ብጠራ? ‹ይኸው፣ አላልኩም?› ይላሉ፤ በቃ፣ መቼም አይመርቁኝም።»

ሻጩ ደግሞ፣ «ስም የሌለው ሰው ነው እንዴ የጠፋባችሁ?» ይላል።

ታዲያ ሰላም መሬት መሬት አየችና፣ «ምርቃቱ ይቅርብኝ፣ እሳቸው ይገኙ!» ብላ ማጉያውን ከእጁ ነጠቀች። እና ስማቸውን ጠራች፣ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው! ደግማ ጠራች፣ ደጋግማ ጠራች። ርግቦቹ ከጣሪያው ብር አሉ። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ።

ይኸውላችሁ፣ ሽማግሌው በጠባቡ መንገድ ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ፣ ላብ በላብ ሆነው።

«ማነው የጠራኝ?»

ደሳለኝ ነው ልል አፌን ስከፍት፣ «እኔ ነኝ አባባ» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ምራት የአማቷን ስም አትጠራም» አሉ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «ዞሬ ዞሬ መውጫው ጠፍቶኝ፣ በሰው አገር መሞቴ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አባቴንና አያቴን ጨምሮ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁና እሱን ይዤ መጣሁ። እንዲህ አድርጎ የሚጠራ የገዛ ልጅ ነው። ተነሺ፣ ልጄ!»

እንትፍ እንትፍ ብለው እዚያው መንገድ ላይ መረቋት፤ «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ!» ደሳለኝ ትንፋሹ ተቆራርጦ ሲደርስ ሚስቱ ትመረቃለች። ሻጩ ምኑም ሳይገባው በማጉያው «አሜን!» አለ፤ መንገደኛው ሁሉ ተቀበለው። እልል አልኩ፣ ምን ላድርግ!

ምን አልሽ አንቺ? «እርስዎንስ መረቁዎት ወይ?» እኔንማ ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንቺማ ብሞትም ወግሽን ትጠብቂ ነበር» አሉኝ! ሂዱ ወዲያ፣ ምን ያስቃችኋል?