አሥራ አራቱ የጠዓመ ክፍት ቦታዎች

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ጎረቤቶች፣ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረቦች፣ ከሁሉ በፊት እርስዎ የጠዓመ ባለቤት ወይዘሮ ሓረጉ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ ኣስገዶም ነኝ። ከጠዓመ ጋር በከተማው ፕላን ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። በአማርኛ የምናገረው ከአዲስ አበባ የተላኩት ክቡር ዳይሬክተራችን እንዲሰሙኝ ነው። አማርኛዬ ቢደናቀፍ አትሳቁብኝ። ጠዓመ ቢሰማኝ ግን ይስቅ ነበር። እሱ ይሳቅ፤ ለሱ ተፈቅዷል።

ሥራው ምን ነበር? ጣልያኖች ትተውት የሄዱትን የከተማ ፕላን ማደስ። የትኛው ዛፍ ይቁም? የትኛው ጉድጓድ፣ የትኛው ሜዳ ሳይነካ ይቅር? ሁለት ዓመት በብስክሌት ዞረ። ከኮምቢሽታቶ ጎዳና ዘንባባ እስከ ጥራቮሎ ሰፈር ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ ቆጠረ። መንገድ ላይ ሰላም ስንለው ምን ይል ነበር? «ቆይ አታስረሱኝ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት!» ከእናንተ መሐል ይህ ያልደረሰበት ማነው?

ፕላኑ ተጠናቀቀ። ለሕዝብ ይገለጥ ተባለ፤ በአማርኛ። የሜዳዎቹን የጣልያንኛ ስም ጠዓመ በትግርኛ አሰበውና በአማርኛ ጻፈው፦ «በከተማችን አሥራ አራት ክፍት ቦታዎች ስላሉ የሚመለከተው ሁሉ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይቅረብ።» ሜዳዎቹን ማለቱ ነበር። በማግስቱ ምን አየን? ከበሩ እስከ ፌርማታው ሰልፍ! ሁሉም የምስክር ወረቀቱን ታቅፏል። ይኸው መንግስትኣብ እዚህ መሐላችሁ ቆሟል፤ ያን ዕለት የማኪና መንጃ ፈቃዱን ይዞ «ሥራው መቼ ነው የሚጀመረው?» አለን።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ብሆን በጓሮ በር እጠፋ ነበር። ጠዓመ ወንበር ላይ ወጣ። «ሥራው አለ» አለ። «ደመወዝ የለውም። በነዚህ ሜዳዎች ላይ ማንም ቤት ሊሠራ ሲመጣ መጮኽ ነው ሥራው። የሚፈልግ ይፈርም።» ብዙው ሰው ረግሞን ሄደ። ስድሳ ሦስት ሰዎች ግን እየሳቁ ፈረሙ።

ቤቱስ እንዴት ነበር? ወይዘሮ ሓረጉ ወጥ ቤታቸውን አንድ ሜትር ብቻ ላስፋ አሉ። ጓሮው ውስጥ ሎሚ አለ። እምቢ አለ። «ኣንታ ጠዓመ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ሎሚውን?» አሉት። ዝም አለ። ወይዘሮ ሓረጉ፣ ዝም ያለው አስቦበት ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይናደዳሉ፤ አውቃለሁ።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው፣ ስማቸውን መቃብር ላይ አልጠራም፣ እዚያው ቪላጆ ጀኒዮ ያለውን የወይራ ሜዳ ለቪላ ፈለጉት። ጉዳይ አስፈጻሚያቸውን ላኩ። «ባዶ መሬት ነው» አለ ሰውየው። «ባዶ?» አለ ጠዓመ፤ መዝገቡን ገለጠ። «አርባ አንድ የወይራ ዛፍ። አንድ ጉድጓድ። ከሰዓት በኋላ የቦቸ ኳስ እያንከባለሉ የሚጫወቱና የሚጣሉ ስድስት ሽማግሌዎች። የወይዘሮ ርግበ የልብስ ማስጫ ገመድ። ደግሞም ሰው ተቀጥሮበታል። ስድሳ ሦስቱን ሠራተኞች እንዴት ላሰናብታቸው?» ሰውየው ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ፕላኑ እስከ ዛሬ አልተፈረመም፤ ያልተፈረመ ፕላን ደግሞ የሱቅ መጠቅለያ ነው። ሰውየው ነገ ቢመለስ መዝገቡን ማን ይገልጥበታል? እኔ? እኔ እንደ ጠዓመ ደፋር አይደለሁም።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ፕላኑ ጠረጴዛዎ ላይ አራት ወር ሆኖታል። ማለቴ፣ ሆኖት ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳላስፈቅድ ወስጄዋለሁ። ይኸው፣ ካፖርቴ ውስጥ ነው። ከፈለጉ ሰኞ ይቅጡኝ። ብዕርም ይዣለሁ። መንግስትኣብ፣ ና ጎንበስ በል፣ ጀርባህን አውሳቸው። አባታችን፣ ጸሎቱን አንድ ደቂቃ ያቆዩልን። ...መነጽራቸውን አወጡ። አትግፏቸው እንጂ! ...ፈረሙ። ሁላችሁም አያችሁ? የቐንየለይ፣ ክቡር ዳይሬክተር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጠዓመ ወንድሜ፣ አሁን ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው። ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል እጄን ይዘህ «ፈሪሞም'ዶ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «እወ፣ ፈርመዋል» አልኩህ። ዋሸሁህ። አንተም አምነኸኝ ዓይንህን ጨፈንክ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ይኸው አሁን እውነት ሆነ። ደህና ሁን፣ የኔ ወንድም፤ ዋሽቼህ አልቀረሁም።